ከኬሚካል ፋብሪካዎች የቱ ይሻላል? ደሞዝን፣ ትልቅነትንና የሰራተኛ ሁኔታን የማወዳደሪያ ዝርዝር መመሪያ

ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ወይ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ጨርሳችሁ ስራ እየፈለጋችሁ ያላችሁ፣ ወይ ደሞ አንድ ፋብሪካ ገብታችሁ ሌላው ይሻል ይሆን እያላችሁ ለምታስቡ ይሄ ለናንተ ነው። ቴሌግራም ግሩፖች ላይ የሚጠየቀው ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ "እገሌ ፋብሪካ ስንት ይከፍላል?" ይባላል፣ አንዱ 16 ሺ ይላል ሌላው 20 ሺ ይላል፣ በቃ 20 ያለው አሸነፈ ተብሎ ወሬው እዛ ላይ ያልቃል። እንደዛ መወዳደር የለበትም። ደሞዙን ወደ እጅ የሚገባ ብር፣ ብሩን ደግሞ ወደ ሰዓት ቀይራችሁ ነው ማየት ያለባችሁ፣ ከዛ ፋብሪካው የሚቀጥለው አመት ላይ ማሽኑ እየዞረ ይሆናል ወይ የሚለው ይመጣል፣ ከዛ አጠገባችሁ የሚሰራው ሰው በምን አይነት ቅጥር ነው ያለው የሚለው። በቅደም ተከተል እንሂድ።

ደረጃ 1፦ ምን ከምን ጋር እንደምታወዳድሩ ለዩ

እኛ አገር "ኬሚካል ኢንዱስትሪ" ሲባል ብዙ ነገር አንድ ላይ ይታጨቃል። በአለም አቀፉ የኢንዱስትሪ አመዳደብ ኬሚካል ክፍል 20 ነው፣ እዛ ውስጥ ማዳበሪያ፣ ቀለም፣ ሳሙናና ዲተርጀንት፣ ፀረ ተባይ፣ አሲድ፣ ካውስቲክ ሶዳ አለ። መድሃኒት 21 ነው፣ ጎማና ፕላስቲክ 22፣ ሲሚንቶና መስታወት 23። እኛ ጋ ግን ሙገር ሲሚንቶ ራሱ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን ስር ነው፣ ተመራቂውም ሁሉንም እንደ አንድ ገበያ ነው የሚያየው። መመልከቱ ችግር የለውም፣ ግን አንድ ሲሚንቶ ፋብሪካን ከአንድ መድሃኒት ፋብሪካ ጋር በደሞዝ ብቻ ማወዳደር ትርጉም አይሰጥም፣ ስራው ሌላ፣ ቦታው ሌላ፣ የሚገኘው ልምድ ሌላ።

እኔ እንዲህ ነው የምከፍላቸው። አንደኛ መሰረታዊ ኬሚካል፣ አዋሽ መልካሳ ያለው የአሉሚኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ (የውሃ ማጣሪያዎች የሚጠቀሙበት አሉሚኒየም ሰልፌት ማለት ነው)፣ ባቱ ያለው ካውስቲክ ሶዳ፣ የአዳሚ ቱሉ ፀረ ተባይ። ሁለተኛ ሲሚንቶ፣ ሙገር፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ ሀበሻ፣ ናሽናል፣ መሰቦ፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ የተመረቀው ለሚ። ሶስተኛ ሳሙና፣ ዲተርጀንትና ቀለም፣ እነ ረጲ፣ ዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን የገባው ዩኒሊቨር፣ እነ ካዲስኮ፣ ነፋስ ስልክ ቀለም። አራተኛ መድሃኒት፣ እነ ኢፋርም፣ ካዲላ፣ ቂሊንጦ ፓርክ ውስጥ ያሉት። አምስተኛ ጎማና ፕላስቲክ፣ ሆራይዘን አዲስ ጎማና በየከተማው ዳር ያሉት ብዙ የፕላስቲክ ፋብሪካዎች። መጀመሪያ በአንድ ምድብ ውስጥ አወዳድሩ፣ ከዛ ከየምድቡ የተሻለውን እርስ በርስ።

ደረጃ 2፦ እውነተኛውን ደሞዝ ፈልጉ

ቫካንሲ ላይ "ደሞዝ፦ በስምምነት" ወይ "በድርጅቱ ስኬል መሰረት" ነው የሚለው። ሪፖርተር ላይም ኢትዮጆብስ ላይም ብዙው እንደዛ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ድረስ መሄድ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የህብረት ስምምነት ነው። ማህበር ያለው ፋብሪካ ከማህበሩ ጋር የተፈራረመው ሰነድ አለ፣ ብዙ ጊዜ በየ3 አመቱ የሚታደስ፣ እዛ ውስጥ የደሞዝ ጭማሪ፣ የበረሃ አበል፣ የሺፍት አበል፣ የህክምና ሽፋን፣ ቦነስ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ፣ የስራ ልብስ በአመት ስንት ጊዜ እንደሆነ ሁሉ ተፅፏል። ሰነዱ የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይን የሚከታተለው የመንግስት ቢሮ ጋ የሚመዘገብ ነው እንጂ ሚስጥር አይደለም። የማህበሩን ሰብሳቢ በስልክ አግኝታችሁ በትህትና ብትጠይቁ ብዙዎቹ ይነግሯችኋል። ማህበሩን ካጣችሁት በኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን) ስር የኢነርጂ፣ ኬሚካልና ማዕድን ሰራተኛ ማህበራት ኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን አለ፣ የትኛው ፋብሪካ ማህበር እንዳለው እዛ ይታወቃል። ማህበር የሌለው ትልቅ ፋብሪካ ካጋጠማችሁ እሱም ራሱ መረጃ ነው፣ መጨረሻ ላይ የምትሞሉት የማወዳደሪያ ሺት ላይ ፃፉት።

ሁለተኛው እዛ የሚሰራ ሰው ነው። ግን "ስንት ይከፍሉሃል?" ብሎ መጠየቅ ሰውን ያሸማቅቃል፣ ቁጥሩም ወይ ይጋነናል ወይ ይቀነሳል። "ለጀማሪ ፕሮሰስ ኢንጂነር ደረጃው ስንት ነው፣ መነሻ ቤዚኩስ፣ እርከኑ በየአመቱ ነው የሚጨምረው?" ብላችሁ ጠይቁ። ስለራሱ ሳይሆን ስለ ስኬሉ ስለሆነ በነፃነት ያወራችኋል። ቢያንስ ከሁለት የተለያየ ዲፓርትመንት ሰው ስሙ፣ ፕሮዳክሽንና ላብ አንድ ስኬል ላይ ላይሆኑ ይችላሉ።

ስኬሉን ስትሰሙ አብራችሁ የምትጠይቁት፣ መጨረሻ የተከለሰው መቼ ነው? ይሄ ጥያቄ ከመነሻው ቁጥር ይበልጣል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ፣ የኑሮ ውድነቱም ተከተለ። ከዛ በኋላ ስኬሉን ያስተካከለ ፋብሪካና ያላስተካከለው ዛሬ በቁጥር ቢቀራረቡ እንኳ አሰሪዎቹ አንድ አይነት አይደሉም። አንደኛው ሲወደድ የሚያስብ ነው፣ ሌላኛው ሰራተኛው ሲለቅ ብቻ የሚነቃ።

ደረጃ 3፦ ግሮሱን ወደ ኔት ቀይሩ

የገቢ ግብሩ በ2017 ተሻሽሏል፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እየተሰራበት ያለው እንዲህ ነው፦

እስከ 2,000 ብር፣ ግብር የለውም
ከ2,001 እስከ 4,000፣ 15 በመቶ ሲቀነስ 300
ከ4,001 እስከ 7,000፣ 20 በመቶ ሲቀነስ 500
ከ7,001 እስከ 10,000፣ 25 በመቶ ሲቀነስ 850
ከ10,001 እስከ 14,000፣ 30 በመቶ ሲቀነስ 1,350
ከ14,000 በላይ፣ 35 በመቶ ሲቀነስ 2,050

ኦንላይን የምታገኙት ካልኩሌተር ለትልቁ ደሞዝ 1,500 የሚቀንስ ከሆነ አሮጌው ነው፣ ተዉት። ከዚህ ሌላ የጡረታ 7 በመቶ ከቤዚካችሁ ይቆረጣል፣ አሰሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። እሱ 11 በመቶ በትክክል እየገባ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፣ የጡረታ መለያ ቁጥር በወቅቱ ይሰጣሉ ወይ ብላችሁ ሰራተኞችን ጠይቁ።

እዚህ ጋ በደንብ የምታዩት ነገር አለ። አንዳንድ አሰሪ "25 ሺ" ይላችኋል፣ ሲፈታ ቤዚኩ 12 ሺ ነው፣ የቀረው አበል ነው፣ የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የስልክ ምናምን። በአሰሪና ሰራተኛ ህጉ ደሞዝ ሲባል አበልና ቦነስ አይቆጠርም። ስለዚህ ጡረታችሁ በ12 ሺ ነው የሚታሰበው፣ ኦቨርታይማችሁ በ12 ሺ ነው፣ ስራ ብትለቁ የስንብት ክፍያ የሚገባችሁ ከሆነ እሱም በ12 ሺ ነው። አበሉ ደሞ በማንኛውም ሰዓት "በሁኔታዎች ምክንያት" ሊነሳ ይችላል፣ ቤዚክ ግን እንደዛ በቀላሉ አይቀነስም። በኔ እምነት ቤዚኩ 20 ሺ የሆነ ቅጥር፣ 12 ሲደመር 13 አበል ከሆነው 25 ሺ ይሻላል፣ በተለይ አምስት ስድስት አመት ለመስራት ለሚያስብ ሰው።

ደረጃ 4፦ ወደ ሰዓት አውርዱት

ሁለት ኦፈር በምሳሌ እንስራ፣ ቁጥሮቹ ለስሌቱ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፣ የናንተን አስገብታችሁ ትሰሩታላችሁ።

የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዳር ያለ የዲተርጀንት ፋብሪካ ነው፣ ቤዚክ 20,000፣ ሰርቪስ የለም፣ ምሳ የለም። ግብሩ 7,000 ሲቀነስ 2,050 ማለትም 4,950፣ ጡረታ 1,400፣ ኔት 13,650። ታክሲ ደርሶ መልስ በቀን 100 ብር ካልን በ26 ቀን 2,600፣ ምሳ 150 ብር ካልን 3,900። የሚቀረው 7,150።

ሁለተኛው ከከተማ ውጪ ያለ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፣ ቤዚክ 16,000፣ ሰርቪስ አለ፣ ካንቲን ምሳ 30 ብር፣ የ2,000 ብር የቦታ አበል። ከቤዚኩ ግብር 3,550፣ ጡረታ 1,120፣ ኔት 11,330። አበሉ ላይ 35 በመቶ ቢታሰብ 1,300 ይቀራል። ምሳ በ26 ቀን 780። የሚቀረው 11,850።

ሰዓቱን ጨምሩበት። ሁለቱም በሳምንት 48 ሰዓት ነው የሚያሰሩት፣ በወር 208 ሰዓት በሉት። የመጀመሪያው ጋ በየቀኑ 3 ሰዓት ታክሲ ሰልፍና መንገድ ላይ ይጠፋል፣ 78 ሰዓት ተጨመረ፣ 286። 7,150 ለ286 ሲካፈል በሰዓት 25 ብር። ሁለተኛው ጋ ካምፑ ቅርብ ነው፣ ደርሶ መልስ 1 ሰዓት ብንል 234 ሰዓት፣ 11,850 ሲካፈል ወደ 51 ብር። በ4,000 ብር የሚያንሰው ኦፈር በሰዓት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ሁሌ እንዲህ አይወጣም። ቤተሰብ ጋ አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ ኪራይ የለባችሁም፣ ባለትዳር ከሆናችሁና ቤተሰቡ ከተማ ከቀረ ሁለት ቤት ነው የምታስተዳድሩት፣ በየሳምንቱ መመላለሱም ወጪ ነው፣ የመንገዱ ሰላምም አለ። እነዛን ወጪዎች በብር ፃፉና ቀንሱ። "እዛ ገጠር ነው፣ አልሄድም" ብሎ ሳያሰሉ መተው ግን ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር ነው፣ በተለይ የመጀመሪያ ስራ ላይ፣ ምክንያቱም ኪልንና ሚል (ማቃጠያ ምድጃውና መፍጫው)፣ ኮንትሮል ሩም፣ ዲሲኤስ (ፋብሪካውን በኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ሲስተም) ላይ ተቀምጦ የሚገኝ ልምድ ከተማ ውስጥ ባለ ማሸጊያ መስመር ላይ አይገኝም።

ሺፍትና ኦቨርታይምን ለይታችሁ እወቁ፣ ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይደናገራል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ኦቨርታይም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በህዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ግን ይሄ ከመደበኛ ሰዓት በላይ ለተሰራ ነው። ሌሊት ሺፍት ደርሷችሁ 8 ሰዓት ብትሰሩ እሱ መደበኛ ሰዓታችሁ ነው፣ በ1.75 አይባዛም። ስለዚህ 24 ሰዓት የሚሰራ ፋብሪካ ስትመርጡ "የሌሊት ሺፍት አበል በህብረት ስምምነቱ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ የግድ ነው፣ አንዱ ይሰጣል አንዱ ምንም አይሰጥም። በዓል ቀን ሺፍቱ ላይ ከዋላችሁ ግን መደበኛ ሰዓትም ቢሆን የሰዓት ክፍያው በ2 ይባዛል። 16,000 ቤዚክ ለ208 ሲካፈል በሰዓት 76.92 ነው፣ መስቀል ቀን 8 ሰዓት ብትሰሩ 1,230 ብር አካባቢ ማለት ነው፣ ይሄን ፔይስሊፕ ላይ ለዩና እዩት።

ኦቨርታይም በህጉ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። አንድ ፋብሪካ "ደሞዙ ትንሽ ነው ግን በኦቨርታይም ታካክሳለህ" ካላችሁ ሁለት ነገር ነግሯችኋል፣ ሰው አንሶታል፣ ደሞዙ ደሞ ብቻውን አያኖርም።

ደረጃ 5፦ ትልቅነትን በትክክለኛው መለኪያ ለኩ

"ትልቅ ድርጅት ነው" የሚባለው ነገር በጣም ያታልላል። የስታቲስቲክስ መስሪያ ቤቱ የትልቅና መካከለኛ ማኑፋክቸሪንግ ጥናት ላይ 10 ሰውና ከዛ በላይ ቀጥሮ በሃይል በሚሰራ ማሽን የሚያመርት ሁሉ ይገባል። ለረጅም ጊዜ በተሰራበት ሌላው አመዳደብ ደሞ ከ6 እስከ 30 አነስተኛ፣ ከ31 እስከ 100 መካከለኛ፣ ከ100 በላይ ትልቅ ነው። ስለዚህ 110 ሰው ያለው የፕላስቲክ ፋብሪካም ደርባም እኩል "ትልቅ" ይባላሉ ማለት ነው።

የሰራተኛ ብዛት ብቻውንም አይበቃም። በኬሚካል ዘርፍ ብዙ ሰው ማለት ብዙ ጊዜ በእጅ የሚሞላና የሚታሸግ ነገር አለ ማለት ነው። እንደ ደርባና ዳንጎቴ ያለ በአመት 2.5 ሚሊዮን ቶን አቅም ያለው ሲሚንቶ ዋናው ሂደት ከኮንትሮል ሩም ነው የሚመራው፣ ሳሙና ማሸጊያ ላይ ግን በመቶ የሚቆጠር ሰው ቆሞ ይሰራል። ለኢንጂነር የሚጠቅመው ቁጥር ስንት ኢንጂነር በስንት መስመር ላይ አለ የሚለው ነው። ሶስት ፕሮዳክሽን መስመር ላይ ሁለት ኢንጂነር ካለ ትማራላችሁ ግን ትሰቃያላችሁ፣ አንድ መስመር ላይ አስር ካለ ደሞ እድገት ለማግኘት አንድ ሰው እስኪለቅ ነው የምትጠብቁት።

አሁን ዋናው። ጥሬ እቃው ከየት ነው የሚመጣው? ሲሚንቶ ድንጋዩ እዚሁ ይቆፈራል፣ ቢሆንም መለዋወጫና የድንጋይ ከሰል ጉዳይ አለበት። ቀለም፣ ፕላስቲክ፣ ዲተርጀንትና መድሃኒት ግን ሬዚኑም ሶልቨንቱም ሰልፎኒክ አሲዱም የመድሃኒቱ ዋና ንጥረ ነገርም በአብዛኛው በዶላር የሚገባ ነው። ኤልሲ (ከውጭ እቃ ለማስገባት ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) አልከፈት ሲል ማሽኑ ይቆማል፣ ማሽኑ ሲቆም ሰራተኛው "የአመት እረፍትህን ውሰድ" ይባላል፣ ከዛ ቦነስ የለም፣ ከዛ ጭማሪ የለም። እኔ እንደማየው የፋብሪካ ደሞዝ ዋስትናው የባለቤቱ ስም ሳይሆን መጋዘኑ ውስጥ ያለው ጥሬ እቃ ነው። ስለዚህ ሰራተኛ ስታገኙ "ባለፈው አመት ስንት ወር ቆማችሁ ነበር፣ በጥሬ እቃ ነው በመብራት?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "ቆመን አናውቅም" ከሆነ ምልክት አድርጉለት፣ "ስምንት ወር ነው የሰራነው" ከተባለ ግሮሱን በደንብ አስቡበት። የሚሰራበት አቅም በመቶኛ ስንት እንደሆነ ኢንተርቪው ላይ ብትጠይቁም ነውር የለውም፣ እንደውም የገባው ሰው ነው ያስብላችኋል።

የድርጅቱን ቁጥር በፅሁፍ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ መንገድ አለ። አክሲዮን ማህበር ከሆነ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርበው አመታዊ ሪፖርት አለ፣ ዘመድ ጓደኛ ውስጥ ባለአክሲዮን ካለ ለምኑት። እናት ኩባንያው ውጪ አገር ስቶክ ማርኬት ላይ ያለ ከሆነ ደሞ ሪፖርቱ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ዳንጎቴ ሲሚንቶ ናይጄሪያ ገበያ ላይ ስላለ አመታዊ ሪፖርቱ ስለ ኢትዮጵያው ፋብሪካ ለብቻው ይናገራል፣ ለሚን ከኢስት አፍሪካን ሆልዲንግ ጋር ያቋቋመው ዌስት ቻይና ሲሚንቶ ሆንግ ኮንግ ላይ ያለ ኩባንያ ነው። የኢትዮጵያ ክፍላቸው ሽያጩ እየጨመረ ነው እየቀነሰ የሚለውን ሁለት አመት አስተያይቶ ማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ስለ አዳዲስ ፕሮጀክቶችም አንድ ነገር ልበል። ነሐሴ 2017 ላይ ዳንጎቴ ግሩፕና የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመስራት ተፈራርመዋል፣ በአመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ፣ ድርሻው 60 ለ40፣ ግንባታው በ40 ወር ያልቃል ተብሎ። ለኛ ሙያ ትልቅ ነገር ነው፣ አሞኒያና ዩሪያ ፕሮሰስ እዚህ አገር በዚህ ስፋት ተሰርቶ አያውቅም። ግን የግንባታ ጊዜ ቅጥርና የማምረቻ ጊዜ ቅጥር ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የግንባታው ብዙ ጊዜ በኮንትራክተር ስር ሆኖ ስራው ሲያልቅ የሚያልቅ ነው። እንዲህ አይነት ቦታ ኦፈር ከመጣ ቀጣሪያችሁ ኮንትራክተሩ ነው ወይስ ፋብሪካው የሚለውን ሳታጣሩ ያላችሁን ስራ አትልቀቁ።

ደረጃ 6፦ ውስጡ ያለውን ሰው እዩ

ኢንተርቪው ከተጠራችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ሂዱና የሺፍት መቀየሪያ ላይ በር ላይ ቁሙ። ሶስት ሺፍት ያላቸው ብዙዎቹ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓትና ምሽት 5 ሰዓት አካባቢ ነው የሚቀያየሩት። የሚወጣውን ሰው እግር እዩ፣ ሴፍቲ ጫማ ነው ወይስ ኮንጎ ጫማ? ፊቱ ላይ ያለው ማስክ ፊልተር ያለው ነው ወይስ የጨርቅ? አሲድና ካውስቲክ ባለበት ቦታ የሰው ቱታ በነጠብጣብ ተበልቶ ከታየ አፕሮኑ አይታደልም ማለት ነው። ግቢ ስትገቡ የአይን መታጠቢያና የአደጋ ሻወር የት እንዳለ ፈልጉ፣ ውሃው ይሰራ እንደሆነ ጠይቁ።

ብዙ ቀለምና ኬሚካል ፋብሪካዎች ለሰራተኛ ወተት ያድላሉ። ወተቱን እንደ ጥቅማጥቅም ቁጠሩት እንጂ እንደ መከላከያ አትቁጠሩት፣ የሶልቨንት ትነት ሳንባና ደም ውስጥ ነው የሚገባው፣ ወተት አያወጣውም። የሚከላከለው አየር ማስወጫው፣ ትክክለኛው ማስክና በየአመቱ የሚደረግ የጤና ምርመራ ነው። "ምርመራ በየስንት ጊዜ ነው፣ ውጤቱስ ለሰራተኛው ይሰጣል?" የሚለውን ሁሌም ጠይቁ። ይሄ ነጥብ ላይ የወደቀ ፋብሪካ በሌላው ሁሉ አንደኛ ቢወጣም እኔ አልመክረውም፣ ጤና በአበል አይተካም።

ከዛ የቅጥር አይነት። ስንቱ ቋሚ ነው፣ ስንቱ ኮንትራት፣ ስንቱ የቀን ሰራተኛ፣ ስንቱ በኤጀንሲ? ቀላሉ መጠየቂያ "ፔይስሊፑ ላይ የማን ስም ነው ያለው?" የሚለው ነው። የኤጀንሲው ስም ከሆነ ፋብሪካው አሰሪያችሁ አይደለም፣ ስኬሉም ቦነሱም አይነካችሁም። በየአመቱ የሚታደስ ኮንትራት ለቋሚ ስራ ከሰጧችሁም እወቁ፣ ህጉ መነሻው ቅጥር ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው የሚል ነው፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚፈቀደው በዝርዝር በተቀመጡ ሁኔታዎች ብቻ ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ ስድስት ወር ሙከራ የሚል ወረቀት ካያችሁ ያ ድርጅት ህጉን አያነብም ወይ እናንተ አታነቡም ብሎ ገምቷል።

መልቀቅን እዩ። አንድ ቫካንሲ በየሁለት ሶስት ወሩ ተመልሶ ከወጣ ወይ እያደጉ ነው ወይ ሰው አይቆይም፣ ሊንክድኢን ላይ የቀድሞ ሰራተኞችን ብትፈልጉ የቱ እንደሆነ ቶሎ ይገባችኋል። አብዛኛው ሰው ሰባት ስምንት ወር ሰርቶ ወጥቶ ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

ሴቶች እህቶቼ ደሞ ይሄን ጨምሩ፦ ስንት ሴት ሺፍት መሪ ወይ ሴክሽን ሄድ አለች? ማሸጊያ ላይ መቶ ሴት ኖሮ ኮንትሮል ሩም አንድም ከሌለች ጠይቁ። የሌሊት ሰርቪስ ቤት በር ድረስ ነው ወይስ አደባባይ ላይ ጥሎ ይሄዳል? ህጉ ነፍሰጡር ሰራተኛን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ማሰራትም ኦቨርታይም ማሰራትም ይከለክላል፣ የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው በሙሉ ደሞዝ። ፋብሪካው ይሄን ሲፈፅም የታየ ነው ወይ የሚለውን የወለደች ሰራተኛ ናት የምትነግራችሁ።

የውጭ ዜጋ ኤክስፐርት በብዛት ያለበት ቦታ ከሆነ፣ ህጉ ኢትዮጵያዊ አሰልጥነው እንዲተኩ ያስገድዳል። ባለፉት አመታት የትኛው ቦታ ከውጭ ዜጋ ወደ ኢትዮጵያዊ ተላለፈ ብላችሁ ጠይቁ፣ ስም ጠርተው ከነገሯችሁ እድገት አለ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ሺቱን ሙሉና ወስኑ

ጎግል ሺት ክፈቱ፣ በየመስመሩ ፋብሪካ፣ በየዓምዱ ቤዚክ፣ አበል፣ ኔት፣ ከወጪ በኋላ የሚቀር፣ በሰዓት፣ ስኬሉ የተከለሰበት አመት፣ ባለፈው አመት የቆመበት ወር፣ የቅጥር አይነት፣ ማህበር አለ የለም፣ የጤና ምርመራ አለ የለም፣ ህክምና ለቤተሰብ ጭምር ነው ለራስ ብቻ፣ ብድርና ቁጠባ ማህበር አለ የለም። ሁሉንም ነጥብ ሰጥታችሁ አትደምሩ፣ ምክንያቱም ድምር መጥፎውን ይደብቃል። መጀመሪያ የማትደራደሩበትን አውጡ፣ ለኔ እሱ ደህንነትና ህጋዊ ቅጥር ነው፣ እዛ ላይ የወደቀውን ሰርዙ። የቀሩትን በሰዓት ክፍያ ደርድሩ። የሚቀራረቡ ከሆነ የተሻለ ማሽን ያለውን ምረጡ።

ኦፈር ሌተር ሲመጣ ከመፈረማችሁ በፊት ቤዚኩና አበሉ ተለያይተው መፃፋቸውን፣ የስራ ቦታው ስም መጠቀሱን (ሌላ ቅርንጫፍ እንዳያዛውሯችሁ)፣ ቅጥሩ ላልተወሰነ ጊዜ መባሉን፣ አበል ከመጀመሪያው ወር ነው ወይስ ከሙከራ በኋላ የሚለውን እዩ። የመጀመሪያው አመት እረፍት በህጉ 16 የስራ ቀን ነው፣ ከዛ በታች የሚል ወረቀት አይፈረምም። ኦሪጅናል ዲግሪ አስይዙ የሚል ድርጅት ካለ ኮፒውን በኦሪጅናሉ አመሳክሩና መልሱልኝ በሉ። የስልጠና ግዴታ ውል ካለው ስንት አመት፣ ስንት ብር፣ ስልጠናውስ እውነት ስልጠና ነው ወይስ የሁለት ቀን ኦሬንቴሽን የሚለው በቁጥር ይፃፍ። በቃል የተባለ ነገር ካለ፣ "ከሶስት ወር በኋላ እናስተካክላለን" የሚለው አይነት፣ በኢሜይል መልሳችሁ ፃፉላቸው፣ "በኢንተርቪው ላይ እንደተነጋገርነው" ብላችሁ ጀምሩና ቁጥሩንና ቀኑን አስገቡ፣ አዎ ብለው ከመለሱ ፕሪንት አድርጋችሁ ከኮንትራቱ ጋር አስቀምጡት።